ማግኒዥየም ሲነድ ናይትሮጅኑ የት ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ አንዲት ትንሽ የሚዛን ጉድለት ይዤ ብቻዬን ላስብ ነው።

0.300 ግራም ማግኒዥየም ክሩሲብል ውስጥ፣ ማለትም ባለ ክዳኗ ትንሽ የፖርሴሊን ዕቃ ውስጥ፣ ነዶ ሁሉም ኦክሳይድ ቢሆን 0.497 ግራም ይመዝናል። በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ ያንሳል። «በጭስ ወጣ» ይባልና ይታለፋል። እርግጥ ነው፣ ነጩ ጭስ ራሱ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ስለሆነ ክዳኑን ከመጠን በላይ የከፈተ ሰው ምርቱን አብሮ ያጣል። ግን ጭስ ሳይወጣም ይጎድላል። ናይትሮጅኑን ማንም አይጠረጥረውም።

አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የናይትሮጅንን ሁለት አተሞች ለማላቀቅ በሞል (ኬሚስቶች አተሞችንና ሞለኪውሎችን በሚቆጥሩበት መለኪያ) 945 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ለኦክስጅን 498 ይበቃል። ስለዚህ ናይትሮጅንን ዳር ቆሞ እንደሚያይ እንቆጥረዋለን። ክዳኑ ሥር ግን ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፣ የጋለው ማግኒዥየም ዙሪያውን የሚያገኘው ናይትሮጅን ብቻ ይሆናል፣ ይይዘዋልም። ማግኒዥየም ናይትራይድ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ሦስት የማግኒዥየም አተም ሁለት ናይትሮጅን ብቻ ስለሚይዝ፣ 0.300 ግራሙ በሙሉ ናይትራይድ ቢሆን 0.415 ብቻ ይመዝናል። አንድ አሥረኛው ብቻ እንኳ ቢሆን ጠቅላላው 0.489 ላይ ይቆማል፤ ከሚዛኑ ሲሰላ ለአንድ የማግኒዥየም አተም የሚደርሰው የኦክስጅን አተም 1 ሳይሆን 0.96 ይሆናል። ይህ የቸልተኛ ሚዛን ስህተት ይመስላል። ችግሩም መምሰሉ ነው።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ክሩሲብል 5 ደቂቃ አግሎ፣ አቀዝቅዞ ከነክዳኑ መመዘን። የማግኒዥየሙን ሪባን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፈተግ፣ ላላ አድርጎ መጠቅለል። ሲነድ ክዳኑን በጉጠት ለቅጽበት ብቻ ከፍ እያደረጉ አየር ማስገባት፤ ብርሃኑን በቀጥታ አለማየት። ፍሙ ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቶ ለ10 ደቂቃ አጥብቆ ማጋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ አሥር ጠብታ የተጣራ ውሃ። ናይትራይድ ካለ አሞኒያ ይሸታል፤ የክሩሲብሉ አፍ ላይ የተያዘ እርጥብ ቀይ ሊትመስ ወረቀት ሰማያዊ ይሆናል። ጠረኑን በእጅ ወደ ራስ ማራገብ እንጂ አፍንጫን አፉ ላይ መድፋት አይገባም።

ውሃው የናይትራይዱን ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ካስወጣው በኋላ የሚቀረው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በመጀመሪያ በዝግታ ማሞቅ፣ አለዚያ ይፈናጠራል፤ ውሃው ሲደርቅ አጥብቆ ማጋልና ሃይድሮክሳይዱን ወደ ኦክሳይድ መመለስ። ሚዛኑ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት እስኪሆን ማጋሉንና መመዘኑን መደጋገም ነው። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፣ ውጤቱም የሚበላሸው እዚሁ።

ይህ የማግኒዥየም ጠባይ ለትልቅ ሥራ ውሏል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከኬሚካል ውህዶች ከሚሠራው በግማሽ በመቶ ያህል እንደሚከብድ አይቶ ነበር። በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ዊልያም ራምዚ ያንኑ የአየር ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዥየም ላይ ደጋግሞ አሳለፈው። ብረቱ ናይትሮጅኑን ሲበላ፣ ምንም የማይነካው ጋዝ ቀረ፦ አርጎን። ከአየር አንድ በመቶ የሚጠጋ ነው፤ ለዘመናት ናይትሮጅን ተብሎ አብሮ ሲመዘን ኖሯል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ 0.04 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለሚዛናችን ቁጥር አይገባም። ለእሳት ግን ይገባል፤ የነደደ ማግኒዥየም ኦክስጅኑን ነጥቆት ጥቁር ካርቦን ይተፋል። ስለዚህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ እሳቱን ይመግባል፣ ውሃም ሃይድሮጅን ያወጣል። አጠገብ መቀመጥ ያለበት ደረቅ አሸዋ ወይም የሚነድ ብረታ ብረትን ለማጥፋት የተሠራ ዱቄት ነው። አሸዋው እርጥበት እንዳይኖረው አስቀድሞ መድረቅ አለበት። ክሩሲብሉ ታች ላይ ጥቁር እድፍ ካያችሁ ደግሞ ጥላሸት ላይሆን ይችላል፤ የጋለው ማግኒዥየም የፖርሴሊኑን ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) ነክቶት ይሆናል፣ ቢፈቁትም አይለቅም።