ራዲያተር በግቢያችን ስንቀይር
በአዳማ ለመኪና ባለንብረቶችና ለሾፌሮች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የአዳማ ሾፌሮች፣ ባለንብረቶችና የአውቶ መካኒክ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ በመጋዝ ለሁለት የተከፈለ አሮጌ ራዲያተር አስቀምጠናል። ከውጭ ብታዩት ምንም አይልም፤ ጠብታ አያፈስም። ቱቦዎቹ ግን ግማሽ በግማሽ ተደፍነዋል። የደፈናቸው የብረት ዝገትና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነጭ ቅርፊት ነው። በዴራ አድርገው ወደ ኢተያና አሰላ ሲወጡ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍተው የሚቆሙ መኪኖች ውስጣቸው ቢታይ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

የዛሬው ጉዳያችን ይህን አውጥቶ ሙሉ አሉሚኒየም የሆነውን ወፍራም ራዲያተር በግቢያችን፣ በገዛ እጃችን መግጠም ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑን አረጋግጡ።

መኪናው ከተማ ውስጥ ቆም ቆም ሲል የሚግል፣ መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥሩ። የፋኑ ሞተር ላይ፣ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ላይ፣ ወይም ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክ ተሰብሮ እንደሆነ እዩ። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ በጭነት የሚግል ከሆነ ውሃው በበቂ አይዞርም፤ የተደፈነ ራዲያተር ዋና ምልክቱ ይህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ክዳኑ ክፍት እያለ አረፋ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የላይኛው የውሃ ጎማ ገና ሳይሞቅ ከጠጠረ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) አልፏል። ለዚህ የትኛውም ራዲያተር መድኃኒት አይሆንም።

ስለ ክዳኑ ለብቻው እንናገር፤ በእኛ ከተማ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት እስከሚፈላበት ያለን ልዩነት 13 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያንኑ ውሃ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን ካላችሁ አስቀድማችሁ እሱን ቀይሩ። ልኩ ክዳኑ አናት ላይ ተጽፏል፤ ያንኑ ግዙ። «ከፍ ያለ ይሻላል» ብላችሁ 0.9 በነበረበት 1.3 ብትገጥሙ የሚፈነዳው አሮጌው ጎማ ወይም የካቢኑ ማሞቂያ ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልን በተመለከተ ደግሞ እባካችሁ ይህን ልማድ እንተው። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አጭር መንገድም ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሞተሩም እንደልቡ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ራዲያተር ስትቀይሩ ቴርሞስታቱንም ከነጎማው በአዲስ ተኩት።

አሁን ወደ ግዢው። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ በሜትር ለኩ። ቁመትና ስፋት፣ የሁለቱ ጎማ አፎች ውፍረትና ጎን፣ የታችኛው ማረፊያ ምስማሮች፣ የፋኑ ብሎን ቀዳዳዎች፣ የሙቀት ስዊች ካለ ቀዳዳው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ የዘይት መግቢያና መውጫ ሁለት አፎች መኖራቸውን አትርሱ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ የማንዋሉን ገዝቶ ይመለሳል።

ውፍረት ላይ ተጠንቀቁ። የፋብሪካው ብዙ ጊዜ 16 ሚሊሜትር ነው፤ የተሻሻለው 32 ወይም 42 ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ ሲጨምር ፋኑ ወደ ሞተሩ ይጠጋል። በፋኑ ጀርባና በውሃ ፓምፑ ፑሊ መካከል ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ካልቀረ አትግዙት፤ ሞተሩ በማረፊያ ጎማዎቹ ላይ ሲወዛወዝ ይገጫጫሉ። ሻጩ «ሁለት ረድፍ፣ ሦስት ረድፍ» ቢላችሁም ከረድፉ ብዛት ይልቅ የእያንዳንዱ ቱቦ ስፋት ይበልጣል። በቱቦዎቹ መሃል ያሉት ስስ ቅጠሎች እጅግ የተጠጋጉ ከሆኑ ደግሞ የአዳማ አቧራና የገለባ ብናኝ ቶሎ ይደፍናቸዋል። ለእኛ አገር ራራ ያለው ይሻላል።

ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ። ትኩስ ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው የማያውቅ የለም። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፤ አንዳንድ መኪና ቁልፉ ጠፍቶም ፋኑ ራሱ ይነሳል። ከታች 10 ሊትር የሚይዝ ሳፋ አድርጋችሁ ማፍሰሻውን ክፈቱ፤ የወጣውን በሊትር ለኩና ጻፉት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ኩላንት (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ይቀምሰዋል። ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ በጄሪካን ዝጉት።

ጎማዎቹ ከተጣበቁ በካቻቢቴ አትፈልቅቁ፤ አፉን ትሰብራላችሁ። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ እምቢ ካለ ጎማውን በቢላ ሰንጥቁት፣ ጎማ ይገዛል። የካምቢዮውን ዘይት መስመሮች ስትፈቱ ወዲያው ድፈኗቸው፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ እንኳን እንዳትገባ። ቀጥሎ የፋኑን ሶኬት፣ ከዚያ በ10 ወይም በ12 ቁልፍ የላይኛዎቹን ማሰሪያዎች ፍቱና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከፊቱ ያለውን የኤሲ ኮንደንሰር አትፍቱ፤ ጋዝ አለው። አዲሱን ስታስገቡ በሁለቱ መሃል ካርቶን ጣል አድርጉ፤ ቅጠሎቹ በጣት ይታጠፋሉ።

ከመግጠማችሁ በፊት ቴርሞስታቱ በወጣበት ሞተሩን በውሃ ጎማ በተቃራኒ አቅጣጫ እጠቡት፤ የሚወጣው እስኪጠራ። ይህን የሚዘለው ሰው አዲሱን ራዲያተር በአሮጌው ሞተር ዝገት ይደፍነዋል።

የታች ማረፊያ ጎማዎቹን ወደ አዲሱ አዛውሩ። አሉሚኒየሙ በባዶ ብረት ላይ ከተቀመጠ በንዝረት ብየዳው ይሰነጠቃል። ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ ቱቦዎቹን አሳልፎ ማሰርም ያው ነው፤ እየፈተገ ይቀዳዋል። የአሉሚኒየም ጥርስ ለስላሳ ስለሆነ ማፍሰሻውንና ስዊቹን በቴፍሎን ጠቅልላችሁ በእጅ አስይዙ፤ ከዚያ በቁልፍ ጥቂት ብቻ።

ብዙዎች የማያውቁት ጥፋት ኤሌክትሪክ ነው። የሞተሩ የማሳ ገመድ (ጅረቱን ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመልሰው) ከላላ ወይም የፋኑ ማሳ በራዲያተሩ ላይ ከታሰረ፣ ጅረቱ በውሃው በኩል ይመለስና አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበሳዋል። ውሃው ከተሞላ በኋላ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያዙ፤ ጥቁሩን የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ብረት ሳይነካ ውሃው ውስጥ። ሞተር፣ ፋንና መብራት በርተው ከ0.1 ቮልት በታች ካሳየ ደህና ነው። ከ0.3 ካለፈ ማሳውን ሳትጠግኑ አትንዱት።

የምትሞሉት ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። ሱቅ ላይ «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እዚህ ውርጭ የለም፣ ኩላንት ለምን የሚሉ አሉ። መፍያውን ከፍ ከማድረጉ በላይ ዝገት የሚከላከል መድኃኒት ስላለበት ነው፤ የቧንቧ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላዋል። የተለያየ ዓይነት ኩላንትም አትቀላቅሉ።

የቴርሞስታቱ ትንሽ የአየር መውጫ ወደ ላይ ይሁን። የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አድርጋችሁ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። የባትሪውን ነጌቲቭ መልሳችሁ፣ ክዳኑ ክፍት እያለ በዝግታ አስነሱት። የላይኛው ጎማ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ፤ አየሩ አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ውሃውም ይወርዳል፤ ጨምሩ፣ ከዚያ ዝጉት። አሁን ያን የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። አምስት ሊትር ወጥቶ አራት ብቻ ከገባ፣ አዲሱ ራዲያተር ከአሮጌው የበለጠ እንጂ ያነሰ አይዝምና፣ ውስጡ ከአንድ ሊትር በላይ አየር ተኝቷል፤ እንዲህ ሆኖ ወደ ዳገት መውጣት ቴስታታ ማጣመም ነው።

ፋኑ ሁለት ጊዜ በርቶ እስኪጠፋ ቆማችሁ ጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ መጠኑን እዩ፣ ማሰሪያዎቹን አንዴ አጥብቁ፣ የካምቢዮውን ዘይት ለኩ።

መልቲሜትሩና አንድ መኪና ውጭ ግቢው ውስጥ ተዘጋጅተዋል። ከማለዳ ጀምሮ የቆመ ስለሆነ ክዳኑን መክፈት ይቻላል፤ የቮልቱን ልኬት እዚያው እያንዳንዳችሁ ትሞክሩታላችሁ። የተከፈለውን ራዲያተር ግን ከመውጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት፤ ጠርዙ ስለት አለው፣ ጓንት ከጎኑ ተቀምጧል።