የአክሲዮኑ ጥያቄ የት ደረሰ?

(በጎንደር ከተማ በአንድ የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተሰናባቿ ሰብሳቢ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ አባላት፣ ጡረታ የወጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የተቀላቀላችሁን ወጣት መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዘዞም ከማራኪም በባጃጅ ተጣብባችሁ፣ ከቅዳሴ መልስ እህል ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቡናው ከኋላ እየፈላ ነው፤ ታገሱኝ።

ዛሬ ከሰብሳቢነት የምሰናበትበት ቀን ስለሆነ የምስጋና ንግግር ነው የሚጠበቅብኝ። ምስጋናዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኦዲት ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ማንበብ ታውቃላችሁ፣ ሁላችሁም አስተማሪዎች ናችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ ቴሌግራም ግሩፓችን ልናገር ነው። ይኸው፣ ገና ስሙን ስጠራ አንዳንዶቻችሁ አቀረቀራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 2017 ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ልሸጥ ነው አለ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። 9,900 ብር ማለት ነው። ለመምህር ደሞዝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከመሐላችን አንድ የሒሳብ መምህር «ማኅበራችን ለአባላት የአክሲዮን መግዣ ለምን አያበድርም?» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ይህችን አንዲት መስመር ነው የጻፈው።

የመጀመሪያው ምሽት እንዴት ያለ ምሽት ነበር! አንዱ «ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ቁጭ ብሎ እያለቀ ነው፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ሲያልፍ አይተናል» አለ። አንድ ጡረተኛ ጓደኛችን ደግሞ «ይህ ማኅበር የቆመው ልጁ ለታመመበትና የቤት ኪራይ ለጎደለበት አባል ነው። ትርፍ ፈላጊ ሰልፉን ከያዘ የተቸገረው መቼ ይደርሰዋል?» ብለው መለሱ። ሌላዋ «የገዛሁትን አክሲዮን ቢቸግረኝ የት ወስጄ እሸጠዋለሁ?» ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው፤ ያኔ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ገና አልተከፈተም፤ ደወሉ የተደወለው በጥር ነው። የታሪክ መምህራችን ከእንግሊዝ አገር የሮችዴል ከተማን ታሪክ አመጡልን። በ1844 እ.ኤ.አ. 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች፣ ሳንቲም አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። አንድ አባል አንድ ድምፅ የምንለው ሕጋችን ከእነሱ የመጣ ነው። ካፒታሊዝም አናታቸው ላይ በቆመበት ከተማ ውስጥ ሆነው ሌላ መንገድ ሞከሩ።

ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ እንቅልፌን ረስቼ ሳነብ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ የኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ አላየሁም።

በሁለተኛው ምሽት አንዱ መጣና «አክሲዮን አክሲዮን የምትሉ የመንግሥት ተላላኪዎች ናችሁ» አለ። ሌላው «እናንተ ደግሞ የደርግ ርዝራዥ» አለ። ሦስተኛው የሒሳብ መምህሩን «ለመሆኑ የአባትህ አገር የት ነው?» አለው።

ስለ አክሲዮን የጠየቀን ሰው! የአባትህ አገር የት ነው!

ከዚያ በኋላ ወለድ የለም፣ ትርፍ ክፍፍል የለም፣ ሮችዴል የለም። ቀበሌ ከቀበሌ፣ ዞን ከዞን፣ ወገን ከወገን ሆነ። እኔም አልቀረልኝም። ሰኞ ዕለት «አሮጊቷ ኮሚኒስት» ተባልኩ። ረቡዕ ዕለት «ኒዮሊበራል» ተባልኩ። ሁለቱንም የተባልኩት በአንድ ጽሑፍ ነው። የጻፍኩትም «የብድሩ ወለድ ስንት ይሁን?» የሚል ነው። ወለዱን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ከዚያ አንድ የእኛው ሰው ጽሑፎቹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለቀቃቸው። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ያደረገው ያውቀዋል። በማግስቱ ባሕር ማዶ የሚኖር፣ አባላችን ያልሆነ፣ ለማኅበራችን አምስት ሳንቲም ቆጥቦ የማያውቅ ሰው ስለ እኛ በቀጥታ ስርጭት ይጮህ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተዘግቶብን ያን ያህል ጊዜ ስንቆይ ስለ እኛ የሚጣላ አልጠፋም ነበር። እኛ ባንኖርም ጠቡ ይቀጥላል ማለት ነው። እኛ የምናስፈልገው ለስማችን ብቻ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ከግሩፑ ወጣ። ዛሬም አልመጣም። ወንበሩን አትፈልጉት።

የአክሲዮን ሽያጩ በየካቲት 2017 አለቀ። ለገበያ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። የገዙት ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ለምን ይህን ያህል አነሰ? ዋጋው ተወዶ ነው? ሰው አላመነም? ወይስ በዚህ ኑሮ 9,900 ብር አስቀምጦ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነበር ማንሳት የነበረብን። እኛ ግን የሰው አባት አገር ስንፈልግ ሽያጩ ተዘጋ።

ወገኖቼ፣ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ። በዕድሜ የምትስተካከሉኝም አይታችሁታል።

በ1968 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ስልክ የለም፤ ወረቀት ነው። በስቴንስል የተባዛ ወረቀት በሌሊት በበር ሥር ሾልኮ ይገባል። ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ጣት ላይ ይቀራል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ በአመድ ታሸኝ ነበር። ምንም አትናገርም። ታሽና ብርሃን ላይ ታየዋለች፣ እንደገና ታሻለች።

ወረቀቱ ላይ ምን ነበር? አንደኛው ወገን፣ ኢሕአፓ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ይላል። ሌላው፣ መኢሶን፣ ለወታደሩ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ፣ እየነቀፍን እንደግፈው ይላል። ሁለቱም ማርክስን ይጠቅሳሉ፣ ሁለቱም በሌኒን ይምላሉ፣ ሁለቱም መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ የወጡ ናቸው። ባንኩ ተወርሷል። የገጠሩ መሬት በየካቲት 1967፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ተወርሷል። በኢኮኖሚው ጉዳይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። ግን አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ እሱም በበኩሉ «አናርኪስት» ተባለ። ስም ከወጣልህ በኋላ ሐሳብህን ማን ይሰማል? ቀጥሎ የመጣውን ቀይ ሽብር፣ የጎንደር እናት «ሁለተኛ አልወልድም» ብላ ያለቀሰችበትን ዘመን፣ በዚህ ከተማ ለማን ነው የማስረዳው?

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። ልጆቹ በስም ሲጫረሱ ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ። መሬቱ ለገበሬው ተሰጠ፤ እሰየው። እህሉን ለማን ይሸጣል? በስንት? ወረቀቶቹ ላይ ይህን አንብቤ አላውቅም። መልሱ ከላይ መጣ፤ ኮታ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ዋጋ ይቆርጣል፣ ገበሬው ያስረክባል። ምርት ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ዘመን ነበር። እኛም ከተማ ውስጥ ለስኳርና ለሳሙና የቀበሌ ሱቅ እንሰለፋለን። እዚያ ሰልፍ ላይ ስለ ሶሻሊዝም የሚያወራ ሰው አላየሁም። «ዘይቱ ገብቷል?» ነው ወሬው። በየካቲት 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ሲያውጁ፣ በአምራቾች ማኅበር ታቅፎ የነበረው ገበሬ መሬቱንና በሬውን ተከፋፍሎ ወደየቤቱ ገባ። የማንንም ክርክር አልጠበቀም።

ይህን የምለው ካፒታሊዝምን ለማሞገስ አይደለም። «አሮጊቷ ወደ ገበያው ዞረች» ብላችሁ ዛሬ ማታ እንዳትጽፉ። ካፒታሊዝም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ጥቅስ አይለጥፍልኝ፤ በመስከረም መጨረሻ መተማ ይውረድ። ሰሊጥ አንዴ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። ቶሎ ካልታጨደ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ሰሞን የሚለምነው ባለሀብቱ ነው። ለአረም በርካሽ የተቀጠረው ልጅ ለአጨዳ ሲሆን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፤ ባለመኪናው ወርዶ ያባብለዋል። ነዶው ታስሮ ሂላው፣ የነዶው ክምር፣ ከቆመ በኋላ ግን ልጁን የሚያየው የለም። ያን ጊዜ ደግሞ ባለሀብቱ ራሱ ቻይና ወይም እስራኤል ያለ ገዢ ስንት ይከፍል ይሆን ብሎ ስልኩን ያያል። አንዱ ሌላውን በየተራ ይይዘዋል።

ልብ በሉ፣ ባለሀብቱና ሠራተኛው ከአንድ ወረዳ የወረዱ፣ በአንድ ደብር ክርስትና የተነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በቀን ሒሳብ ሲከራከሩ ይህ አምስት ብር አይጨምርም፣ አምስት ብርም አይቀንስም። እዚህ ፒያሳ ያለ አከራይም ኪራይ ሲጨምርብህ ዘርህን አይጠይቅህም። የወገኔ ልጅ ነው ብሎ አይምርህም። ጤፍ የደበቀ ነጋዴ ለወገኑ ለይቶ በርካሽ አይሸጥም። ታዲያ አንተ ማታ ስልክህን ይዘህ ለማን ነው ጥብቅና የምትቆመው? ስትሰዳደብ የምታድረው ከማን ጋር ነው? እንዳንተው ኪራይ ካልከፈለው መምህር ጋር! ኪራይ የጨመረውስ? እሱማ ተኝቷል! ደህና ተኝቷል!

ማጨብጨቡን ተዉት። ከምታጨበጭቡት ውስጥ በዚያ ሰሞን የጻፋችሁትን ያነበብኩላችሁ አላችሁ።

ስለ ኪራይ ካነሳሁ፣ በመጋቢት 2016 የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ አጽድቋል። ቁጥሩ 1320 ነው። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይሁን ይላል። ገበያውን መንግሥት ይቆጣጠር ወይስ ይተወው የሚለው ክርክር ከዚህ በላይ ቤታችን ድረስ መጥቶ አያውቅም። ግማሾቻችን ተከራዮች ነን፤ ሁለት ክፍል ጨምረው የሚያከራዩም እዚህ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ወገን መስማት ነበረብን። ዳታው ተመልሶ ግሩፑ ሲከፈት ስለ አዋጁ አንዲት ቃል የጻፈ አላየሁም።

አማራጭ አለ ወይ ለምትሉ ወጣቶች፣ ሩቅ አትሂዱ። በወረታ አልፋችሁ ፎገራ ውስጥ አውራምባ አለች። ዙምራ ኑሩ ከጓደኞቻቸው ጋር በ1964 የጀመሯት ናት። በጋራ ይሠራሉ፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይጋግራል፣ የሸማ ሥራቸውም ይታወቃል። በደርግ ጊዜ ተሰደው ተመልሰዋል። ለአገር ይሆናል ወይስ ለአንድ መንደር ብቻ የሚለው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ለአንድ መንደር የሚሆን ይመስለኛል። ኦንላይን ስለነሱ ሲጻፍ ግን የማየው የሃይማኖት ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ገቢያቸውን እንዴት እንደሚከፋፈሉ የጠየቀ አላጋጠመኝም። የስፔኖቹን የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሞንድራጎንንም ጨምሩበት። በ1956 እ.ኤ.አ. በጥቂት ሠራተኞች ተነስቶ ትልቅ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ፋጎር የሚባለው የቤት ዕቃ ፋብሪካው ከሰረ። ይህም ያስተምራል። ጊዜ የለኝም፤ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ጸሐፊያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ሦስት ነገር ልበልና ልውረድ።

ሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ደንብ አቅርቧል፤ የአባልን ትውልድ ወይም ሃይማኖት እያነሳ የጻፈ ሰው ለሦስት ወር ከግሩፑ ይታገዳል። የማኅበሩን ጽሑፍ ወደ ውጭ ያወጣም እንደዚሁ። አንዳንዶቻችሁ «ሐሳብን መገደብ ነው» ብላችኋል። የምን ሐሳብ? «የአባትህ አገር የት ነው» ሐሳብ ነው?

ሁለተኛ፣ የአክሲዮን መግዣ ብድር ጥያቄው አልሞተም። የመንግሥት ድርጅት ባይሸጥ ነገ የባንክ አክሲዮን ይመጣል፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡም ተፈቅዷል። እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ፤ የተቸገረ ይቅደም ባይ ነኝ። ግን በክርክር ልሸነፍ እንጂ ጥያቄው በስድብ ተቀብሮ ላሸንፍ አልፈልግም። አጀንዳ 4 ላይ ተይዟል። ወለዱ ስንት ይሁን የሚለውም አለበት፤ በመጨረሻ መልስ አገኛለሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለሒሳብ መምህሩ ከማኅበሩ ደብዳቤ ይጻፍለት። አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ቢጠራውም አይከፋም። የአባቱ አገር የት እንደሆነ ባላውቅም ቤቱ ሳሙና በር አካባቢ ነው።

አጀንዳ 3ን አሁን እንጀምር። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ስለሆነ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱልኝ። ቆጣሪዎች ወደ ፊት ኑ።