«ዶክተር» ሲሉኝ «አቤት» ያልኩባቸው ቀናት

እንደምን ዋላችሁ? ወይስ እንደምን አመሻችሁ ልበል? የማታ ተረኛ ለሆነ ሰው ሰላምታውም ይምታታበታል። ከኋላዬ የሚሰማችሁ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የደሴ ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በክረምት ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ደሴ ውስጥ ምንም ሥራ አይሠራም። ከነድምፁ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ከነርስነት ትምህርት ወጥቼ ሥራ ስለጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የሠራሁት ስሕተት የእኔ ነውና ስሙ ምንም አይጨምርላችሁም።

ወንድ ነርስ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ወደ ክፍሉ ስትገቡ የሴቷ ስም «ሲስተር» ነው፣ የእናንተ «ዶክተር»። ታማሚው ይላችኋል፣ አስታማሚው ይላችኋል፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ይላችኋል። በመጀመሪያው ሳምንት «ነርስ ነኝ» እያልኩ አርም ነበር። ከወገል ጤና የመጡ አንዲት እናት በጥሞና ሰምተውኝ «እሺ ዶክተር» ብለው መለሱልኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴማ ገና ሳልቀጠር በየቡናው ላይ አውጃው ጨርሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ማረሙን ተውኩት። «አቤት» ማለት ጀመርኩ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ሰው ተሰደደ። ስንመለስ የተግባር ልምምድ የምናደርግባቸው የጤና ተቋማት ብዙ ዕቃቸውን አጥተው ጠበቁን። አንድ የደም ግፊት መለኪያ ለስምንት ተማሪ እየተቀባበልን ተማርን። በ2016 ተመረቅሁ፣ የብቃት ምዘናውንም አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የብዙ ምሩቅ ታሪክ ነው፦ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል መስመር ፍለጋ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር በአጎቴ የግንባታ ዕቃ መደብር ምስማር በኪሎ ስመዝን ቆየሁ። ምስማር በመመዘን የሚሳል እጅ ካለ እኔ አላየሁም።

ሥራው ደሴ ሲገኝ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠመዝማዛውን ስትጨርሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥታችኋል። ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። የመጀመሪያውን የማታ ተረኝነት ለኮምቦልቻ በምትሆን ቀጭን ሸሚዝ አሳለፍኩት። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ብርዱ በኋላ ይመጣል።

ማርሊን ክሬመር የምትባል አሜሪካዊት የነርስነት ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ ምሩቃን የሚያልፉበትን ነገር «የእውነታ ድንጋጤ» ብላ ሰይማዋለች። መጀመሪያ ጫጉላ፣ ቀጥሎ ድንጋጤ፣ ከዚያ ማገገም። ክፍል ውስጥ ስንማረው ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የእኔ ጫጉላ ሦስት ቀን ነው የቆየው።

ድንጋጤው ከካኑላ፣ ፈሳሽ በደም ሥር ከሚገባባት ቀጭን ቱቦ፣ ጀመረ። የልምምድ ክፍሉ የፕላስቲክ ክንድ ደም ሥሩ አይሸሽም፣ «ወይኔ» አይልም፣ ልጁም አጠገቡ ቆሞ እጃችሁን አያይም። ከባቲ በኩል የመጡ፣ በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያለቀባቸው አሮጊት ግን ደም ሥራቸው እንደ ክር ቀጥኗል። በሰማያዊዋ፣ በ22 ቁጥር ሞከርኩ፤ አልሆነም። ደገምኩ፤ አልሆነም። ሁለት ጊዜ የሳተ ሰው ባልደረባውን መጥራት እንዳለበት ተምሬአለሁ። አስታማሚዋ «አይዞህ ዶክተር፣ ታገኘዋለህ» አለችኝ። ዶክተር ተብሎ እርዳታ መጥራት ከበደኝ። ሦስተኛ ወጋኋቸው። አሮጊቷ ዐይናቸውን ጨፍነው መረቁኝ። ወላሂ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሌቱ እንኳ ሌላ ሆኖ ነው ያገኘሁት። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ፣ 1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሆንበት መስመር በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ። ወረቀት ላይ አንድም ጊዜ ስቼው አላውቅም። መብራት ጠፍቶ የስልክ ባትሪ በጥርስ ነክሳችሁ ጠብታ ስትቆጥሩ፣ 30 ላይ ስትደርሱ ከወዲያኛው አልጋ «ዶክተር፣ ድረስልን!» ሲባል፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራላችሁ።

አሁን ወደዚያች ማታ ልግባ።

በወሎ ስም አይበቃም። ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊ፣ አህመድ፤ እነዚህን አራቱን ብቻ በአባትና በልጅ ብታፈራርቋቸው አንድ ክፍል ታማሚ ይሞላሉ። በዚያ ሰሞን በእኔ ክፍል ሁለት አረጋውያን ነበሩ፤ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። አንደኛው የስኳር ታማሚ፣ ሁለተኛው የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ። ለእኔ ያስረከቡኝ በአልጋ ቁጥር ነው፤ እኔም የያዝኩት በአልጋ ቁጥር ነው። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ የነበሩት የስኳር ታማሚው ግን ብርዱ ሲብስባቸው፣ የሌላኛው ልጅ «አባቴ ጋቢ ደርቧል» ብሎ ሁለቱን አቀያይሯቸዋል። ደግ ልጅ ነው። ማንንም አላማከረም።

ከራት በፊት የሚሰጠውን ኢንሱሊን ቀዳሁ፤ 14 ዩኒት። የስኳሩ ልክ በካርዱ ላይ ተጽፏል፤ መመርመሪያው ስለሚያልቅብን ለመቆጠብ ብዬ ድጋሚ አልለካሁም። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ስማቸውን ጠራሁ። «አቤት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስማቸው ነው። ልብሳቸውን ገለጥ አደረግሁ። ያን ጊዜ ልጃቸው ሻይ ይዞ ገባና «ዶክተር፣ የምን መርፌ ነው? ማስታገሻ ነው?» አለኝ።

«የስኳራቸው ነው።»

«አባቴ እኮ ስኳር የለበትም።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ያ ዓይነት ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ሰዓታት ቆይቶ፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ስኳር የሌለበት፣ በሕመም ምግብ የቀነሰ አረጋዊ ሌሊት ላይ ቢያልበው፣ ቢቃዥ፣ አስታማሚው «ትኩሳቱ ነው» ብሎ ጋቢ ይጨምርለት ነበር። የወረደ ስኳሩን የሚመልስለትን 40 በመቶ ግሉኮስ የሚያዘጋጅለት ሰው አይኖርም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ታማሚው ነው ይባላል። እኔ ያሰብኩት ማን አየኝ የሚለውን ነው። አያምርም፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው። መርፌውን ትሪው ላይ መለስኩ፣ «አልጋ ተምታቶብኝ ነው» ብዬ ሳቅሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ።

ከእኔ ጋር ተረኛ የነበሩት ሲስተር እኔ ሳልወለድ ሥራ የጀመሩ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ምን ሆንክ?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ስለረዘመብኝ ነገርኳቸው።

«ማን ያውቃል?» አሉ።

«ልጃቸውና እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«እንግዲያው መዝገቡ አያውቅም» አሉና የርክክብ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት።

ጻፍኩት። በተማሪነቴ ከፊርማዬ ጎን ሁልጊዜ የመምህር ፊርማ ነበር፤ ያቺ ማታ ፊርማዬ ብቻውን ቆሞ ሳየው የሰው መሰለኝ። ሲስተር አልተቆጡኝም፣ አላጽናኑኝምም። ኢንሱሊኑን ለባለቤቱ አብረን ሰጠን፤ ስኳራቸውን መጀመሪያ ለክተን። ከዚያ ሻይ እየጠጡ አንድ ነገር ብቻ አሳዩኝ። «ስም ጠርተህ አቤት አታሰኝ። ሰው ሲታመም ለማንም አቤት ይላል። ስማቸውን ራሳቸው ይንገሩህ፤ እስከ አያት።»

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ይዤ ስሄድ «አባባ፣ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» እላለሁ። በቀን ሦስቴ ስጠይቃቸው የሚናደዱ አሉ። አንድ የከሚሴ ሽማግሌ «ሀገር አማን ነው ወይ? መታወቂያ ላምጣልህ?» ብለውኛል። አፋርኛ ብቻ ለሚናገሩ ታማሚዎች ደግሞ አስታማሚውን ወይም ካርዱን እይዛለሁ፤ ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ሁለቱ አረጋውያን ጉዳዩን በማግስቱ ሰሙ። ልጅየው ነው የነገራቸው። እንደሚቆጡኝ ስጠብቅ ሞክሼነታቸውን ይዘው ቀሩ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ «ሞክሼ፣ መርፌዬን አደራ!» እየተባባሉ ክፍሉን ያስቁት ነበር። እኔ ለመሳቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

«ነርስ ነኝ» ማለቱንም እንደገና ጀምሬአለሁ። ነርስ መሆኔን የተናገርኩ ቀን «ቆዩ፣ ሐኪሙን ልጥራ» ማለት፣ «ይህን ካኑላ ባልደረባዬ ይሞክረው» ማለት ይቀለኛል። ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። እናቴ ለአዲስ ጎረቤት «ልጄ ዶክተሩ ይህ ነው» ብላ አስተዋወቀችኝ። «ነርስ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። ጎረቤትየዋ ፈገግ አሉ። እናቴ ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ፣ «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

ዝናቡ እንደሆነ አላባራም። ዛሬም ተረኛ ነኝ፤ ጋቢዬን ይዤ ልውጣ። ደኅና እደሩ።