ክብ የነበረው ጭፈራ እንዴት መድረክ ላይ ወጣ?

(ምስል፦ እሁድ ጠዋት፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ስታዲየም የሚወስደው መንገድ። መኪና የለም። ልጆች ኳስ ይዘዋል፤ ዳር ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ጭፈራ ነው። የሰርጉን አይደለም። በየሠፈሩና በየአደባባዩ «የባህል ፌስቲቫል» ተብሎ፣ ባነር ተሰቅሎ የሚጨፈረውን ነው።

ባነሩን ልብ ብላችሁታል? ሁልጊዜ ጭፈራው ከአንድ ቁም ነገር ጋር ይመጣል። ለሰላም፣ ለሴቶች እኩልነት፣ ለአካባቢ ጥበቃ። ታዲያ ጭፈራ የእውነት ኅብረተሰብ ይለውጣል? ወይስ የክብር እንግዳው እስኪደርስ ሰዉን ማቆያ ነው?

እኔ ይለውጣል ባይ ነኝ። ግን መድረኩ ላይ ሲሆን ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል። ለምን እንደሆነ እንይ።

(ምስል፦ ሞንታርቦ ከአይሱዙ ሲወርድ። የእድር ወንበሮች ይደረደራሉ።)

የሠፈር ፌስቲቫል አሰናዳድ ታውቁታላችሁ። ድንኳኑና ወንበሩ ከእድር ይመጣል። ሞንታርቦውና ጀነሬተሩ ኪራይ ነው። ወረዳው ፈቃድ ይሰጣል፤ ደንብ አስከባሪዎች መንገዱን ይዘጋሉ። ቲሸርት ይታደላል፣ ሁሌም ለሕፃናቱ የሚሰፋቸው። ተወዛዋዦቹ ለብሰው፣ ተኩለው፣ ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። ንግግር አለ። ሌላ ንግግር አለ። ከዚያ ነው ሙዚቃው የሚለቀቀው።

አሁን ተወዛዋዦቹን እዩ። በሰልፍ ቆመው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ጎጃም ይጨፈራል፣ ጉራጌ ይከተላል፣ ወላይታ፣ ኦሮሞ፣ ትግራይ። ጎጃምን ጨርሶ ጉራጌ ለመሆን አንድ ተወዛዋዥ ያለው ጊዜ ዘፈኑ እስኪቀየር ድረስ ነው። መጋረጃ ጀርባ ልብስ የሚቀይሩበትን ፍጥነት ላየ ሰው፣ ያ ራሱ ትልቅ ትርኢት ነው።

(ምስል፦ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ሰዎች፣ ከላይ የተቀረጸ።)

በየሀገሩ ግን ጭፈራው በአብዛኛው ተመልካች የለውም። የትግራዩን ውሰዱ። ሰዉ ክብ ሠርቶ፣ ከበሮውን ተከትሎ ቀስ እያለ ይዞራል። ከበሮው ሲፈጥን ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እስክስታም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ትከሻውን ሲያወርድ ሌላው መመለስ አለበት። በነገራችን ላይ እስክስታ የትከሻ ነው ይባላል እንጂ መጀመሪያ ጉልበትን እዩ። ጉልበቱ የገተረ ሰው ትከሻው አይፈታም። በጥርሱ መሃል «እስ፣ እስ» የሚለውም ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹን ከምቱ ጋር ያስኬድለታል።

ክብ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደገጠመ ሁሉም ያያል። ማን ደፈረ፣ ማን አፈረ፣ ማን ተጣልቶ ነበር ዛሬ አብሮ ገባ። መድረክ ላይ ይሄ ሁሉ የለም።

(ምስል፦ ፒያሳ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት።)

ታዲያ ማን መድረክ ላይ አወጣው? ፒያሳ እንሂድ። 1927 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሊወር እየተዘጋጀ ነው። መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት ያኔ ነው፤ ሕዝቡን ለመጣው አደጋ ለማንቃት። ንግግር ብቻውን ሰው ስለማይሰበስብ ዘፈንና ጭፈራውም አብሮ መጣ። እንግዲህ ጭፈራና መፈክር ከተጋቡ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል።

መድረኩን ዝም ብዬ ላማው አልፈልግም። አዝማሪነትና ጭፈራ የሚናቅ ሥራ ነበር። ልጄ ተወዛዋዥ ሆነች ብሎ የሚኮራ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነበር። ሀገር ፍቅር፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተወዛዋዥን ደመወዝተኛ አደረጉት። ሥራው ስም አገኘ። ይሄ ራሱ ማኅበራዊ ለውጥ ነው፤ ያውም ባነር ያልተሰቀለለት።

ከዚያ የደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት መጣ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ ቡድን፣ በድርቁ ጊዜ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ጭፈራችንን ይዞ ባሕር ማዶ ዞረ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አለ። ሰልፉ እየረዘመ፣ የእያንዳንዱ ጭፈራ ደቂቃ እያጠረ መጣ።

(ምስል፦ የካዛንቺስ አሮጌ ፎቶዎች። አዝማሪ ቤት፣ ማሲንቆ።)

ክቡ ግን ከመሃል ከተማ ጨርሶ አልጠፋም። አዝማሪ ቤት ገባ። እዚያ ተወዛዋዡ ከመድረክ ወርዶ እናንተ ጋ ይመጣል። ፊታችሁ ቆሞ ትከሻውን ይሰጣችኋል። ወይ ትመልሳላችሁ፣ ወይ ብር አውጥታችሁ ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። የካዛንቺሱ ፈንድቃ በዚህ ነው የታወቀው። መላኩ በላይ እዚያው በሽልማት ብር የሚኖር ተወዛዋዥ ነበር፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ቦታውን ለቀቀ። ሕንፃ ይተካል ትሉ ይሆናል። የተመልካችና የተወዛዋዥ ጉልበት የሚነካካበትን ጠባብ ክፍል መተካት ግን ቀላል አይመስለኝም።

(ምስል፦ ሹሩባ የተሠሩ ልጃገረዶች፣ ወገባቸው ላይ ሣር። ከበሮ።)

አሁን ወደ ነሐሴ 16። ፍልሰታ ሲፈታ ትግራይ አሸንዳ ነው፤ ዋግ ኽምራ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል። ልጃገረዶች ረጅሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በእነዚያ ቀናት «የት ነበርሽ?» የሚላት የለም። አዲስ አበባ ላይ የአራቱም ልጆች አንድ ቦታ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቤት ለቤቱ ግን በአዳራሽና በአደባባይ ተተክቷል።

እዚህ ጋ ትንሽ ሕግ ላስገባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ተደፈነ። ለዚህ የለፉት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ሴቶች ናቸው። ክሬዲቱ የነሱ ነው፤ ለጭፈራ አልሰጥም።

ግን ክቡን ተመልከቱ። ከበሮውን የያዘችው ልጅ ግጥም ታወጣለች፤ ጓደኞቿ ይቀበሏታል። አጎት ቆሞ ይሰማል፣ ጎረቤት ቆሞ ይሰማል። ታዳጊዋ ስትናገር ትልቅ ሰው የማያቋርጥበት ስንት ቦታ አለን? ሕጉ ያለው ወረቀት ላይ ነው። የመናገር ልምዱ ያለው እዚህ ነው። ያቺኑ ልጅ መድረክ ላይ አቁማችሁ በተቀዳ ዘፈን ስታስጨፍሯት ግጥሟን ወሰዳችሁባት።

(ምስል፦ የልምምድ አዳራሽ። ወለል ላይ የሚንከባለሉ ወጣቶች።)

አንድ ሌላ ምሳሌ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አቀናባሪ) ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ይዞ ትልቅ የዳንስ ሥራ አቀረበ። ከዚያ አዱኛ የሚባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከልጆቹ አንዱ ጁናይድ ጀማል በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሰዓት ኩባንያው ሮሌክስ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም የጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ተማሪ ሆነ። አዱኛ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችንም ዳንስ ውስጥ አስገብቷል። ሰዉ «ምጽዋት የሚለምን» ብሎ ያለፈውን ልጅ ትኬት ቆርጦ ሊያየው ገባ። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት አሥር ደቂቃ ንግግር ከማድረግ፣ በክራንች የቆመ ሰው እስክስታ ሲገጥማችሁ መመለስ ይበልጥ ያስተምራል።

(ምስል፦ ወደ ድንኳኑ ተመልሰን። ከሰዓት በኋላ።)

ስለዚህ ፌስቲቫል ለምታዘጋጁ ትንሽ ምክር። ከበሮውን ከመድረክ አውርዱት፣ አስፋልቱ ላይ ይሁን። ወንበሩን በረድፍ ሳይሆን በክብ ደርድሩ። ንግግሩ ከጭፈራው በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ሰዉ ልቡም ጆሮውም ተከፍቶ ይሰማል፣ ተናጋሪውም ላብ ያለበት ሕዝብ ፊት ስለሚቆም ያሳጥራል። የብሔረሰቡን ጭፈራ ለሚያቀርበው ቡድን ከሦስት ደቂቃ በላይ ስጡት። እድሩ ውስጥ ያሉትን እናቶች ጠይቁ፤ የሀገራቸውን ጭፈራ የሚያውቁ ሰዎች ወንበር ሲያቀብሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ ከኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መንገድ ለእግረኛ የሚዘጋባቸው እሁዶች አሉ። ነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች በየሠፈሩ ይዞራሉ፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ልጃገረዶቹ ይወጣሉ። መስከረም 16 ደመራ ነው።

ያላነሳኋቸው ብዙ ናቸው፤ የሶማሌው ዳንቶ፣ የዶርዜው፣ የኮንሶው፣ የጋምቤላው። የእናንተ ሠፈር ምን እንደሚጨፍር ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ከበሮ እንዴት እንደሚወጠር እናያለን።