ሲሊንደሮቹ የወሰዱት ውይይት

አቅራቢዋ፦ የዛሬው ርዕሳችን ልጆች የሚያስቡባቸውና የሚማሩባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ናቸው፤ ይሁንና ስለ እንጨት ሲሊንደሮቹ ሳልናገር ወደዚያ መግባት አልችልም።

ባልደረባዋ፦ የፈራሁት ደረሰ፤ ባለፈው ክፍልም ግማሹን ጊዜያችንን የወሰዱት እነዚሁ ሲሊንደሮች ናቸው።

አቅራቢዋ፦ ስለሚገባቸው ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ ከጀመሩት፣ ሞንቴሶሪ ከሚባለው የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ የመማሪያ ዕቃዎች አንዱ 10 ቀዳዳዎች ያሉት ወፍራም እንጨት ሲሆን፣ ለየቀዳዳው በልኩ የተሠራ ሲሊንደር አለው። ልጁ ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ ከከተተው፣ መጨረሻ ላይ ማረፊያ ያጣ ሲሊንደር በእጁ ይቀራል፤ ስለዚህ ስህተቱን የሚነግረው ዕቃው ራሱ እንጂ መምህሩ አይደለም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እንደጻፉት፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ሕፃን ሲሊንደሮቹን እያወጣች ስትመልስ፣ ሌሎቹ ልጆች እንዲዘምሩ ቢደረግም፣ የተቀመጠችበት ወንበር ከነእሷ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢወጣም ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግማ ሲበቃት በራሷ ጊዜ አቆመች።

ባልደረባዋ፦ ወንበሯን ከነእሷ? እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።

አቅራቢዋ፦ አንተማ አስቀድመህ እጅህን ትሰድ ነበር! የእህትህ ልጅ ሲሊንደሩን ይዞ ሲያመነታ፣ ቀዳዳውን በአገጭህ ስትጠቁመው አይቻለሁ።

ባልደረባዋ፦ አገጭ እጅ አይደለም። ደግሞም ልጁ ተበሳጭቶ ዕቃውን ሊወረውር ሲል ዝም ብሎ ማየት ትዕግሥት ሳይሆን ቸልተኝነት ይመስለኛል።

አቅራቢዋ፦ እያሰበ ነበር እንጂ ሊወረውር አልነበረም። የልጅ ዝምታ ለእኛ ለአዋቂዎች ችግር ስለሚመስለን ፈጥነን ጣልቃ እንገባለን። ልጁ ዕቃውን ለማበላሸት ወይም ሌላውን ለመረበሽ ሲያውለው መምህሩ ያስቆመዋል፤ የማሰቢያ ጊዜውን መንጠቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባልደረባዋ፦ በግማሹ ተስማምቻለሁ። አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ፤ አንዱ ልጅ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው፣ ሌላው ደግሞ በእጁ ይማራል ይባላል።

አቅራቢዋ፦ መባሉንስ ይባላል፤ ነገር ግን ልጆችን እንዲህ መድቦ እያንዳንዱን በምድቡ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ግምገማ አመልክተዋል። በሞንቴሶሪ ክፍል ያሉትን፣ ከሻካራ የአሸዋ ወረቀት የተቆረጡትን ፊደላት ተመልከት፤ እያንዳንዱ ልጅ ቅርጹን በዓይኑ ያያል፣ በጣቱ እየተከተለ ይዳስሰዋል፣ ድምፁንም ይሰማል።

ባልደረባዋ፦ ታዲያ ልዩነታቸው የት ላይ ነው?

አቅራቢዋ፦ በፍጥነታቸው፣ በሚስባቸው ነገርና አስቀድመው በሚያውቁት ላይ ነው። በሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል የሚማሩትና ሦስት ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ የሥራ ጊዜ የሚሰጣቸውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሊንደሮቹ ላይ…

ባልደረባዋ፦ ሲሊንደሮቹ ተመለሱ! እሺ፣ መርዳት የሚገባኝ መቼ ነው?

አቅራቢዋ፦ ልጁ ዓይኑን ወደ አንተ ሲያነሣ።

ባልደረባዋ፦ ባያነሣስ?

አቅራቢዋ፦ ትጠብቃለህ።

ባልደረባዋ፦ እኔ ግን ሳያነሣም የሚጨነቅ ልጅ አለ ባይ ነኝ።