የአምባዛው ሆድ ዕቃ ወደ ውሃ አይመለስ

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ! ከዋግ ድረስ የመጣችሁም እንኳን ወደ ሐይቅ በደህና መጣችሁ።

መረባችሁንና ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላስረዝምም። ወሬዬ ስለ ትል ነው። ቁርስ ያልበላ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው አንዲት እናት የገዙትን አምባዛ ይዘው ተመለሱ። «ትል አለበት፣ ገንዘቤን!» አሉ። ሻጩ አንገቱን ደፋ። እኔ ቢላ ተቀብዬ ጨጓራውን ሰነጠቅኩት። ቀይ ክር የመሰሉ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ደም መጣጭ ስለሆኑ ነው የቀሉት። አንጀቱ ውስጥ ደግሞ ነጭ ጥብጣብ አለ፤ የዓሣ ኮሶ በሉት። ሥጋው ግን ንጹሕ ነበር።

እኛን የሚይዘን ኮሶ ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው የሚመጣው። እነዚህ የአምባዛ አንጀት ትሎች ግን ቤታቸው ዓሣ ነው፤ ሰው ሆድ ውስጥ አይኖሩም። ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ፣ ሥጋው እስከ ውስጡ ይብሰል፤ በቃ፣ ይበላል። ጥሬ ዓሣ ግን ይቅርባችሁ። ሥጋ ውስጥ የሚደበቁ ሌሎች እጮች አሉ፣ እነሱ ለሰውም አይመለሱም።

ወሎ ላይ ዓሣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ «የማን ሥጋ ነው?» ሳይባባሉ አንድ ትሪ የሚከቡበት ምግብ ነው። በትል ወሬ ስሙ ሲጠፋ ያንገበግበኛል።

ታዲያ ትሉ ከየት መጣ? ዘሩ ከዓሣው ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ጤፍ የምታክል የውሃ ነፍሳት ትውጠዋለች። እሷን ትንሽ ዓሣ ይበላታል፣ ትንሹን ዓሣ አምባዛ ይሰለቅጠዋል። አምባዛ ያገኘውን እንደማይምር ታውቁታላችሁ። ለዋጎቹ ደግሞ፦ ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ከቆመ ወዲህ የሚሮጠው ወንዝ ረግቷል። የረጋ ውሃ ለእነዚያ ነፍሳት ሠርግ ነው።

ግን እኛስ? ዳር ላይ እንበልታለን፣ አንጀቱን ወደ ውሃ እንወረውራለን። የትሉን ዘር በገዛ እጃችን መልሰን እየዘራን እኮ ነው! የተረፈውን ወፍ ይለቅመዋል። አንዳንዱ የትል ዓይነት ደግሞ የሚጎለምሰው ዓሣ በሊታ ወፍ ሆድ ውስጥ ነው፤ ወፉ በኩሱ ወደ ውሃው ይመልሰዋል።

ስለዚህ ጉድጓድ ያስፈልገናል። ውሻም አሞራም የማያወጣው፣ ጠለቅ ያለ፣ ክዳን ያለው። ሁለት አካፋ ይዤ መጥቻለሁ። ዶማ ያለው ያምጣ፤ ከውሃው ራቅ ብለን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንጀምር።