የስትራስበርግ ክንድ፦ ለወጣት ቤዝቦል ተጫዋቾችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር

ውድ ወላጆች፣ ማሊያችሁን ለብሳችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የዘንድሮው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ስለ ፒቸሮች፣ ማለትም ኳሱን ለመቺው ስለሚወረውሩት ተጫዋቾች፣ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። አብዛኞቻችን ያደግነው በሩጫና በእግር ኳስ ነው። ቤዝቦልን ያወቅነው እዚህ ዋሽንግተን ከመጣን በኋላ፣ ያውም ልጃችን ከትምህርት ቤት የምዝገባ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሩቅ ሳልሄድ እዚሁ ከተማችን ስለሠራ አንድ ሰው አወራለሁ። ዩ ስትሪት ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ተነስታችሁ በአረንጓዴው መስመር ብትሳፈሩ ሜዳው ደጃፍ ያወርዳችኋል። ሰውየው የከተማችን ቡድን የናሽናልስ ፒቸር የነበረው ስቲቨን ስትራስበርግ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ አንድ ነገር ላስቀድም። ጨዋታ የሚከፍተው ፒቸር በየቀኑ አይጫወትም። አንድ ቀን ወደ መቶ የሚጠጋ ኳስ ይወረውርና አራት ቀን ያህል ያርፋል። አንዲት እናት ይህን ስትሰማ “በአምስት ቀን አንዴ ሠርቶ ነው ያ ሁሉ ደመወዝ?” ብላኛለች። ጥያቄዋ ይገባኛል። ነገር ግን ክንድን ወደ ኋላ ስቦ በሰዓት 95 ማይል መወርወር የሰው ክርንና ትከሻ ከተሠራበት ልክ በላይ ነው። ዕረፍቱም የሥራው ክፍል ነው።

ስትራስበርግ የሳን ዲዬጎ ልጅ ነው። ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወፍራም ስለነበር የመጀመሪያዎቹ የጂም ልምምዶች እያስመለሱት አስቸግረውት ነበር። አሠልጣኙ ራሱ ታላቅ መቺ የነበረው ቶኒ ግዊን ነው። ልጁ ክብደቱን ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቀነኒሳና ጥሩነሽ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ደርበው በወሰዱበት የቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ ነሐስ ባገኘው የአሜሪካ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ብቸኛው የኮሌጅ ተጫዋች እሱ ነበር። በ2009 ዋሽንግተን ከአገሩ ወጣቶች ሁሉ አስቀድሞ መረጠው፤ 15.1 ሚሊዮን ዶላርም ፈረመለት።

ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎም ቡድኑ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሊግ አላስገባውም። መጀመሪያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሲራኪዩስ ወዳሉት የታችኛው ሊግ ቡድኖች ላከው። ሰኔ 8 ቀን 2010 ግን ናሽናልስ ፓርክ አርባ ሺህ ሰው ሞልቶ የፒትስበርግን ቡድን ገጠመ። በሰባት ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ የሚከፈለው በዘጠኝ ኢኒንግ ነው) 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ሦስት ዕድላቸውን አስጨርሶ፣ መለሰ፤ አንድም ሰው በነጻ አላሳለፈም። የመጨረሻዎቹን ሰባት መቺዎች በተከታታይ ነው ያወጣቸው። ከተማው አበደ ማለት ይቻላል።

ደስታው ክረምቱን አልዘለቀም። በነሐሴ ፊላዴልፊያ ላይ ሲወረውር ክንዱን ያዘውና ወጣ፤ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ነበር። በመስከረም መጀመሪያ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህን ሕክምና ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ መጀመሪያ የሠራው በ1974 ሲሆን፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስዶ የተበጠሰውን መተካት ነው። ስትራስበርግ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ልቆይበት የምፈልገው 2012 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን 98 ጨዋታ አሸነፈ። ከ1933 ወዲህ የከተማው ቡድን ለመጨረሻው ዙር ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስትራስበርግ 15 አሸንፎ 6 ተሸንፏል። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ግን ክንዱ ገና ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ስለሆነ በዓመቱ የሚወረውረው የተወሰነ ነው ብሎ ነበር። ቃሉንም ጠበቀ። መስከረም ላይ 159 ኢኒንግ ከሲሶ ሲሞላ አስቆመው። ቡድኑ ያለ እሱ ሴይንት ሉዊስን ገጠመ፤ በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ስድቡን መገመት ትችላላችሁ። ተጫዋቹ ራሱም መቆሙን አልወደደውም፤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ክንዱ ደህና ነኝ እያለው፣ እንዴት ይወደዋል?

እኔ ሪዞ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ያኔ ቢወረውር ይጎዳ እንደነበር ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ የማይጎዳ እንደነበርም እንዲሁ። የምናውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በ2017 በቺካጎ ሜዳ ታሞ እያለ ወጥቶ 12 ሰው በስትራይክ አውት መለሰ። በ2019 ደግሞ 209 ኢኒንግ ወርውሮ 18 ጨዋታ አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም።

ያ ቡድን ዓመቱን የጀመረው ከ50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፎ ነው። ጥቅምት 29 ሂዩስተን ላይ ስድስተኛው ጨዋታ ነበር፤ ከተሸነፉ ዋንጫው ያበቃል። በመጀመሪያው ኢኒንግ ስትራስበርግ ላይ ሁለት ነጥብ ገባበት። አሠልጣኙ ፖል ሜንሃርት ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ በእጁ አያያዝ እያስነቃ መሆኑን ነገረው። ከዚያ በኋላ ከመወርወሩ በፊት ጓንቱን ያንቀሳቅስ ጀመር፤ መቺዎቹም ፍንጩን አጡ። ከስምንት ኢኒንግ በላይ ቆየ፣ ሌላ ነጥብም አልገባበትም፤ 7 ለ 2 አሸነፉ። በማግስቱ ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ፤ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ተባለ። ልጆች፣ እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ ያቺ የጓንት ነገር ነች የምታስደንቀኝ። በሕይወቱ ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ተነገረው፤ ሰማ፤ ወዲያው አስተካከለ።

በዚያው ታኅሣሥ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2020 እጁ ደንዝዞ የእጅ አንጓ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2021 ከአንገቱ ወደ ክንዱ ነርቭና ደም ሥር የሚያልፉበት ቦታ ጠቦ ሌላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የጎድን አጥንት ሳይቀር አወጡለት። በሰኔ 2022 ማያሚ ላይ አንድ ጊዜ ሞከረና አልሆነም። በ2024 በይፋ ሥራውን አቆመ። 113 አሸንፎ 62 ተሸንፏል።

“ታዲያ ጥንቃቄው ምን ጠቀመው?” የሚል ይኖራል። ያ ሁሉ ሐኪምና ገንዘብ ያለው ቡድን እየቆጠረም ክንዱ አለቀ። እኛ የልጆቻችንን ካልቆጠርን ደግሞ በአሥራ አራት ዓመታቸው ሊያልቅ ይችላል። ሜጀር ሊግ የሚባለው ትልቁ ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል የተባለው የአገሪቱ የቤዝቦል ድርጅት ያወጡት መመሪያ አለ፤ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ75 ኳስ በላይ አይወርውር ይላል፤ ከ11 እስከ 12 ላለ 85፣ ከ13 እስከ 14 ላለ 95። ዕድሜው ከ14 ያልበለጠ ልጅ በአንድ ቀን 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ከመወርወር መራቅ አለበት።

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ቅዳሜ በአንድ ቡድን፣ እሑድ በሌላ ቡድን የሚወረውሩ ልጆች በመካከላችን አሉ። ሁለቱ አሠልጣኞች አይተዋወቁም። ሁለቱንም የሚያውቅ ወላጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው እናንተ ናችሁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ ከአሠልጣኝ ጋር መነጋገር የሚያፍር ካለ፣ የልጁን ኳስ የቆጠረበትን ደብተር ማሳየት ይበቃል፤ ቁጥር ነው።

እናንተም ልጆች፣ ክርናችሁን ሲያማችሁ ለእማማና ለአባባ ንገሩ። እንዳይቀየር ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ካለ በእኔ ቡድን ውስጥ በሚቀጥለው ጨዋታም አይወረውርም፤ ይህን ዛሬ ከወላጆቻችሁ ፊት እያልኩ ነው።

የኳስ ቁጥሩ ሰንጠረዥ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ውሰዱ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።